ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ፦ የቱ የት ይገባል?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ውል፣ ማመልከቻና ኑዛዜ ሲተየብ ይውላል። ከኑዛዜ ውስጥ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ቢኖር እናስብ፦ «ቤቱን እህቴ፣ አልማዝና ከበደ እኩል ይካፈሉ።» ወራሾቹ ሦስት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሲሶ ይደርሳቸዋል። ሰረዟን ያንሷት፦ «ቤቱን እህቴ አልማዝና ከበደ እኩል ይካፈሉ።» አሁን እህትየው ራሷ አልማዝ ሆናለች፤ ድርሻውም ግማሽ ግማሽ ነው። በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ በሰረዝ ብቻ አይተማመኑ፤ «ሦስቱ» ወይም «ሁለቱ» ብለው ቁጥሩን ይጨምሩ።

መጀመሪያ ምልክቶቹን በዓይን ይለዩ። ነጠላ ሰረዝ «፣» ከነጥቦቹ በላይ አንድ ጭረት አለው፤ ድርብ ሰረዝ «፤» ከላይም ከታችም ጭረት አለው። ስማቸው የወጣው ከዚሁ ነው።

ቀጥሎ ማሰሪያ አንቀጹን (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ) ይፈልጉ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። ድርብ ሰረዝ የሚገባው በግራም በቀኝም የታሰረ ሐሳብ ሲኖር ነው፦ «ዝናቡ በርትቷል፤ ታክሲ የለም።» ለማጣራት በ«፤» ፋንታ አራት ነጥብ ያድርጉና ሁለቱን ለየብቻ ያንብቡ። ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ከቆሙ ምልክቱ ትክክል ነው። «መንገዱ ስለተዘጋ፤ ዘግይቻለሁ» የሚለው ግን ፈተናውን ይወድቃል፤ «መንገዱ ስለተዘጋ» ብሎ የሚያቆም ሰው የለምና። እዚህ ምንም ምልክት አያስፈልግም። «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ» እና «ይሁን እንጂ» ከታሰረ ሐሳብ በኋላ ሲመጡ ድርብ ሰረዙ ከፊታቸው ይቀመጣል፦ «ማመልከቻው ደርሷል፤ ነገር ግን አልተፈረመም።»

ይኸው ፈተና ለእንግሊዝኛም ይሠራል። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ያለ አያያዥ ቃል በኮማ ብቻ ማጣበቅ በእንግሊዝኛ መደበኛ ጽሑፍ እንደ ስህተት ይቆጠራል፤ ሴሚኮለን ወይም ነጥብ ይፈልጋል።

ነጠላ ሰረዝ ዝርዝርን ይለያል፦ «ዳቦ፣ ስኳር፣ ቡናና ሻይ»። ከመጨረሻው «ና» ወይም «እና» በፊት አይገባም። ብዙዎች እዚያ የሚጨምሩት ከእንግሊዝኛ ልማድ ነው። የቦዝ አንቀጾች (እንደ «ወጥቶ» ያሉ፣ ሐሳቡን የማይዘጉ ግሶች) ድርድርንም እንዲሁ ይለያል፦ «ከቤት ወጥቶ፣ ታክሲ ይዞ፣ ፒያሳ ወረደ።»

በጣም የሚደጋገመው ስህተት የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከማሰሪያው መነጠል ነው፦ «የወረዳው ሥራ አስፈጻሚ፣ ደብዳቤውን ፈረሙ።» ጸሐፊው ትንፋሽ ስለወሰደ ብቻ ሰረዝ አስገብቷል። ያጥፉት።

በመጨረሻ አተያየቡን ያስተካክሉ። ምልክቱ ከቀደመው ቃል ጋር ይጣበቃል፤ ክፍት ቦታ የሚተወው ከኋላው ነው። ከፊቱ ክፍት ቦታ ካለ መስመሩ ሲሞላ ምልክቱ ለብቻው ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። አራት ነጥብንም ሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን በመደርደር አይሥሩ፤ ኮምፒዩተሩ እንደ አንድ ምልክት ስለማያውቀው በፍለጋ አይገኝም።