ቋሚ ቧንቧ ክብደቱን የት ያሳርፋል? በፎቅ ሕንፃ ጭነትን የማከፋፈል መመሪያ

በፎቅ ሕንፃ ውስጥ ከታች እስከ ላይ በሚወጣ ቧንቧ ላይ በየወለሉ ክላምፕ (ቧንቧውን የሚያቅፍ የብረት ማሰሪያ) ከታሰረ ክብደቱ በክላምፖቹ መካከል እኩል ይከፋፈላል ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ቧንቧው ከታች ወደ ላይ እየተበየደ ሲተከል ክብደቱ አስቀድሞ በታችኛው ጎሚቶ (የቧንቧ መታጠፊያ) ላይ ስለሚያርፍ፣ ዘግይተው የሚታሰሩት ክላምፖች የሚካፈሉት ከዚያ በኋላ የሚጨመረውን ጭነት ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደቱን ማን እንደሚሸከም ከተከላው በፊት መወሰን አለበት።

በመጀመሪያ ክብደቱን ያስሉ። ለምሳሌ 12 ፎቅ ባለው ሆቴል ውስጥ 40 ሜትር የሚወጣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ፣ ባለ 4 ኢንች ስኬጁል 40 (የቧንቧ ግድግዳ ውፍረት ደረጃ) ብረት ቢሆን፣ ባዶው በሜትር 16 ኪሎ ግራም ያህል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ደግሞ 8.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ድምሩ ወደ 970 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሁለቱ ግን በአንድ መንገድ አይወርዱም። የብረቱ ክብደት በቧንቧው ግድግዳ በኩል ወደ መያዣዎቹ ሲሄድ፣ የውሃው 330 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት በግፊት መልክ ታችኛውን ጎሚቶ ይጫናል።

ቀጥሎ የሙቀቱን ውጤት ይመልከቱ፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 0.012 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም፣ ቧንቧው ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በ19 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ይህ እድገት ሙሉ በሙሉ ቢታገድ የሚፈጠረው ኃይል ወደ 20 ቶን ይጠጋል፤ ይህም ከቧንቧውና ከውሃው ክብደት 20 እጥፍ ገደማ ነው። ታችኛው ጫፍ በጽኑ ከታሰረ ደግሞ የላይኞቹ ክላምፖች ከሶሌታው (ከወለሉ ኮንክሪት) ይነሱና ሸክማቸውን ወደ ታች ይለቃሉ።

እኔ የምመርጠው አንድ ዋና መያዣ በመሃል ወለል ላይ አድርጎ፣ እድገቱ ወደ ላይና ወደ ታች ከ10 ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን እንዲከፈል ማድረግ ነው። ይህ መያዣ ሙሉውን 970 ኪሎ ግራም ሊሸከም ስለሚችል፣ በክላምፕ ጥብቀት ብቻ ሳይታመኑ በቧንቧው ላይ የብረት ጆሮዎች ይበየዱ፤ ጆሮዎቹም በቢም ላይ በተቀመጠ ብረት ይረፉ። የስትራክቸር መሐንዲሱ ጭነቱን በቁጥር አውቆ ሊያጸድቀው ይገባል። የቀሩት መያዣዎች ቧንቧው ወደ ጎን እንዳይወላገድ ብቻ የሚጠብቁ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን የሚያንሸራትቱ ይሁኑ። ከዋናው መያዣ በታች በሶሌታ ላይ የተቀመጠ ክላምፕ ቧንቧው ወደ ታች እንዳያድግ ስለሚያግድ ፈጽሞ አይታሰር። ታችኛው ጎሚቶም በኮንክሪት አይደገፍ፤ ድጋፍ ካስፈለገው ሞላ ያለው መስቀያ ይሁን።

ቧንቧው ሶሌታውን የሚያልፈው ስሊቭ በሚባለው ሰፋ ያለ ቁራጭ ቧንቧ ውስጥ መሆን አለበት። ክፍተቱን በሲሚንቶ መድፈን የተለመደ ቢሆንም እያንዳንዱን ወለል ያልታሰበ መያዣ ያደርገዋልና፣ እሳትን በሚከላከልና በሚለጠጥ መሙያ ይዘጋ። ከዋናው መያዣ ርቀው የሚወጡ ቅርንጫፎች ከቋሚው ጋር አብረው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ግድግዳ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የሚተጣጠፍ ርዝመት ይተውላቸው።

ተራ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ ዓይነት) በአንድ ዲግሪ በሜትር 0.15 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም በዚሁ ሕንፃ 240 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ስለዚህ ለብረት የተዘጋጀው አቀማመጥ ለእርሱ አይሠራም። የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ግን እንቅስቃሴው ትንሽ ስለሆነ፣ ክላምፖቹ ከታች ጀምሮ ተከላው በደረሰበት ወለል ሁሉ ወዲያው ከታሰሩ ጭነቱን በአግባቡ ይካፈላሉ።