ተለጥፎ በማግስቱ የሚተነፍስ ጎማ

ባህር ዳር ሜዳ ናት። ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጣችሁ በቀር ዳገት የሚባል ነገር ሳያጋጥማችሁ ከአባይ ማዶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ እዚህ ሳይክል የሚጎዳው ዳገት አይደለም። ጭነት፣ እሾህ፣ የክረምት ጭቃና ርካሽ ዕቃ ነው። ይሄን የምጽፈው ለሥራ፣ ለትምህርትና ለገበያ በየቀኑ ለምትነዱ ነው። ብሎን ማጥበቅና ከመነሳት በፊት ፍሬን መሞከር ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ። የምጀምረው ሰው ሁሉ ለጥገና ወደ እኔ ይዞት ከሚመጣው ችግር ነው።

ጎማው ትናንት ተለጥፏል፣ ዛሬ ጠዋት ተንፍሷል

ይሄን ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው የሚለው አንድ ነው፤ "ጎሚስታው በደንብ አልለጠፈውም።" አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልጣፉ ምንም አልሆነም። አየሩ የሚወጣው በሌላ ቀዳዳ ነው። ያን ቀዳዳ ያመጣው ደግሞ የመጀመሪያውን ያመጣው ራሱ ነው። ማንም አላወጣውም፤ አሁንም ጎማው ውስጥ ተሰክቶ አለ።

ዋናው ጠላት ኩርንችት ነው። ክረምቱ አልፎ ሲደርቅ እሾሁ ይጠነክራል። ጎማው ውስጥ ገብቶ ጫፉ ይሰበራል። ከውጭ ብታዩ ምንም የለም። ሳይክሉ ላይ ስትቀመጡ ግን ጎማው ይጫናል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ይገፋል። ሁለተኛው ጠላት ሽቦ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳና ሲበጣጠስ ከውስጡ ቀጫጭን የብረት ሽቦ ይረግፋል። ከዳንግላና ከመራዊ በሚመጣው አስፋልት ዳር የምትነዱ ይሄን ታውቁታላችሁ። መኪና የሚረግጠው መሀሉን ስለሆነ ጠጠሩም፣ ጠርሙሱም፣ ሽቦውም ወደ ዳር ይገፋል። ዳሩ ደግሞ የእኛ ነው። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለሳይክል የተለየ መስመር አለው፣ እሰየው። ግን የትም ቢሆን የመንገድ ዳር ሳይጠረግ ከቆየ የተሰባበረ ጠርሙስ ማጠራቀሚያ ነው። ዓይናችሁን ከመሬት አታንሱ።

መፍትሄው ቀዳዳውን መፈለግ ብቻ አይደለም፤ የቀደደውን መፈለግ ነው። እንዲህ ይደረጋል። ጎማውን ከቸርኬው ከማውጣታችሁ በፊት ቫልቩ ባለበት ትይዩ በውጭው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪያውን፣ ስታወጡ የትኛው ጎን በቀኝ እንደነበር ያዙ። ከዚያ ንፉትና ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቀዳዳው ሲገኝ ካላማዳሪያውን በውጭው ጎማ ላይ መልሳችሁ አስተካክሉት፤ ቫልቩ ከምልክቱ ጋር ይግጠም። አሁን እሾሁ ያለበትን ቦታ በስንዝር ርቀት ታውቃላችሁ። ያን ቦታ በውስጥ በኩል በጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ከያዘ እዚያ አለ። በባዶ ጣት አትዳብሱ። ሽቦ ጣት ይቀድዳል፣ ዝገትም አለው። አንዱን ካወጣችሁ በኋላም ሙሉ ዙሩን አዳርሱት። ኩርንችት ብቻውን አይመጣም።

ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ይናገራል። በውጭው ፊት ከሆነ እሾህ፣ ሽቦ ወይም ጠርሙስ ነው፤ አሁን እንዳልኩት አውጡ። በቸርኬው በኩል ከሆነ ግን መንገዱን አትውቀሱ። ቸርኬው ውስጥ የራጂ (የቸርኬውን ዙሪያ ከመሀሉ ጋር የሚያያዙት ቀጫጭን ዘንጎች) ጫፎችን የሚሸፍን ቀበቶ አለ። አዲስ በሚገዙ ርካሽ ሳይክሎች ላይ ይሄ ቀበቶ ስስ ፕላስቲክ ነው። ይንሸራተታል፣ የራጂው ጫፍ ወይም ቀዳዳው ይገለጣል፣ ካላማዳሪያውም እዚያ ተጭኖ ይበሳል። አንዲት መምህርት አዲስ ሳይክሏን ደጋግማ ስታስለጥፍ ከርማ መጣች። "ወንድሜ፣ ይሄ ሳይክል ተረግሟል" አለችኝ። ካላማዳሪያውን ሳወጣው ልጣፎቹ ሁሉ በአንድ ጎን ተሰልፈዋል፤ በቸርኬው በኩል። ስንት እጅ ነክቶታል፣ አንድ ሰው ግን "ለምን ሁሉም እዚህ ጎን?" ብሎ አልጠየቀም። ከአሮጌ ካላማዳሪያ የቸርኬውን ወለል ልክ የሚሸፍን ቀበቶ ቆረጥኩ፣ የቫልቩን ቀዳዳ በሳሁ፣ አጠበቅኩት። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሾለ የራጂ ጫፍ ካለ በሞረድ ይስተካከላል። በቃ፣ እርግማኑ ለቀቃት።

ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካያችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ይሄ እሾህ አይደለም። ጎማው በቂ አየር ስለሌለው የኮብልስቶን ጠርዝ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ሁለቱ የቸርኬ ጠርዞች ሁለት ቀዳዳ ያወጣሉ። የባህር ዳር ሳይክል በብዛት የሚሞተው በዚህ ነው፤ ከኋላ ሰው ይጫናል፣ እህል ይጫናል፣ አየሩ ግን እንደ ባዶ ሳይክል ነው። አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ከገበያ እህል የሚያመላልሱ። ጎማቸው ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ አየር የለውም እኮ" ስላቸው "ሲለሰልስ ይመቸኛል፣ ሲጠነክር ወገቤን ይመታኛል" አሉኝ። ለወገብ የሚሆነው ኮርቻው ነው፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። ሰፋ ያለና ስፕሪንግ ያለው ኮርቻ አስገጥመን ጎማውን አጠነከርን። አሁንም ባዩኝ ቁጥር "ያ ጎማ ጠንካራ ነው" ይላሉ፣ ግን ለመለጠፍ አይመጡም።

ስንት ይነፋ? ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። 26 በ1.95 የሆነ የማውንቴን ሳይክል ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ታገኛላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ መሀሉ ይበቃል። ከኋላ ጭነት ካለ የኋላውን ወደ ላይኛው ቁጥር አስጠጉት፤ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ የሚያርፈው በኋላ ነው። በአውራ ጣት ተጭኖ "ደህና ነው" ማለት አያስተማምንም። ቀዳዳ የሌለው ጎማም ቢሆን በራሱ ቀስ በቀስ አየር ይለቃል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ መንፋት ነው። ትንሽ የእጅ ፖምፓ ለዕለት ተመላላሽ ሳይክል ከመብራት በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የከባድ መኪና ጎማ በሚነፋ ኮምፕረሰር የሳይክል ጎማ ማስነፋት ከፈለጋችሁ ለአፍታ ብቻ፣ እየለቀቃችሁ፣ እየለካችሁ። የሳይክል ጎማ ጥቂት አየር ነው የሚይዘው፤ በሰከንዶች ይሞላል። አንድ ልጅ ፊቱን ወደ ጎማው አስጠግቶ ሲያይ ጎማው ፈንድቶበት ለረጅም ሰዓት ጆሮው ሲጮህ ቆየ። ዓይኑ መትረፉ ተመስገን ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄኛው ከልብ ነው። ጎማ በካቻቢቴ አታውጡ። ስንቱን ካላማዳሪያ ኩርንችት ሳይሆን ካቻቢቴ ገድሎታል! አንዱን ቀዳዳ ለጥፈው ሲገጥሙ ሌላ ይበሳሉ፣ ከዚያ "ልጣፉ አልያዘም" ይላሉ። የጎማ ማውጫ ከሌለ የማንኪያ እጀታ ይሻላል። ሲገጠም ደግሞ የመጨረሻውን ጥግ በእጅ አስገቡት። እምቢ ካለ ጎማውን ዙሪያውን ወደ ቸርኬው መሀል ግፉት፤ ይላላል።

ስለ ልጣፉም ትንሽ ልበል፣ አንዳንዴ ጥፋቱ እውነትም እዚያ ነውና። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። አቧራው ይጠረግ። ማስቲሹ ስስ ሆኖ ከልጣፉ ሰፋ ብሎ ይቀባ። ከዚያ ጠብቁ! በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ድረስ፣ ደቂቃዎች ይፈጃል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ ልጣፍ ጭኖ በመዶሻ መደብደብ ልማድ ሆኗል። ለአንድ ቀን ይይዛል፣ በማግስቱ ፀሐይ ሲመታው ይነሳል። የሚቸኩል ጎሚስታ ካጋጠማችሁ "ትንሽ ይድረቅ፣ ወንድሜ፣ አልቸኩልም" በሉት። ተከፍቶ የከረመ ቱቦ ማስቲሽ ግን ምንም ብትጠብቁት አይሠራም።

ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ምንም አረፋ ካላያችሁ ቫልቩን ጠርጥሩ። ጫፉ ላይ ምራቅ አድርጉ፤ ቀስ ብሎ ካበጠ ተገኘ። የድሮው ዓይነት ቫልቭ ውስጡ ቀጭን የጎማ ሽፋን አለው። በሙቀትና በዕድሜ ይሰነጠቃል። ዋጋው ኢምንት ነው፣ ቀይሩት። የቫልቩ ሥር ከተቀደደ ግን አይለጠፍም። ካላማዳሪያው ይጣል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በለሰለሰ ጎማ መንዳት ነው፤ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቩን አጣሞ ይጎትተዋል። ከካላማዳሪያው ጋር የተያያዘበት ቦታ ገና ከሱቁ የሚለቅ ርካሽ ዕቃም አለ። ሁለቱን በርካሽ ከመግዛት አንዱን ደህናውን ግዙ።

የኋላው ቸርኬ ይወዛወዛል፣ ራጂ እየተሰበረ ነው

መንስኤው ጭነት ነው። ብዙ የኋላ መጫኛ ላይ 25 ኪሎ ተብሎ ተቀርጿል። ጓደኛችሁ ስንት ኪሎ ነው? ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሲሞላ ብቻውን 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ ጎን ሲንጠለጠል ደግሞ ሳይክሉን ያጋድላል። ሁለት ትንንሽ ጄሪካን ግራና ቀኝ ይሻላል። የሚሰበረው ራጂ አብዛኛውን ጊዜ በካቴናው በኩል ያለው ነው። አንድ ሲሰበር ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይዞራል፤ ወር ጠብቃችሁ አራት ይዛችሁ አትምጡ። የመጫኛውን ብሎኖች ደግሞ በየጊዜው እዩ። መጫኛ በመንገድ ላይ ወርዶ ቸርኬ ውስጥ ከገባ የባሰ አታምጣ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ ከኋላ የምትጭኗት እህት ወይም እናት ነጠላዋ ወደ ታች እንዳይንጠለጠል። ጋቢም፣ ረጅም ቀሚስም እንደዚያው። ራጂ ውስጥ ከገባ ጎማው በአንድ ጊዜ ይቆማል፣ ሴትየዋም ትወድቃለች። ነጠላ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ከሆነ የሚሆነውን መናገር አልፈልግም። የኋላውን ጎማ ላይኛውን ግማሽ በመረብ ወይም በፕላስቲክ መሸፈን ቀላል ነው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምታደርሱ ይሄን ሳታደርጉ አትጫኑ።

ክረምት ላይ ፍሬኑ አይዝም

የሚያብረቀርቀው የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን በጣም ይደክማል። የአሉሚኒየሙ ይሻላል። ለመቆም ከመፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ በስሱ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ውሃው ይጠረጋል፣ ከዚያ ይይዛል። የፍሬኑ ጎማ ፊት ከለሰለሰና ካንጸባረቀ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። ፍሬኑ ጮኸብኝ ብሎ ቸርኬው ላይ ዘይት የቀባ ሰው አይቻለሁ። ምን ይባላል? የፊት ፍሬኑን ፈትቶ "የኋላው ይበቃኛል" የሚልም አለ። ሳይክልን ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ባህር ዳር ሜዳ ላይ ዕድል ያድናችሁ ይሆናል፤ ደብረ ማርቆስ ቁልቁለት ላይ ግን ዕድል አይበቃም።

ጎማው ሲዞር ይታሻል

ጭቃ ነው። ፓራፋንጎው ለጎማው በጣም ከተጠጋ ጭቃው መውጫ ያጣል። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ካቴናው ይንቋቋል

ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ቀብታችሁታል፣ አይደል? አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ደግሞ ካቴናውን ይበላዋል። በጨርቅ ጥረጉት፣ ቀጭን ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብ አድርጉ፣ ከላይ የቀረውን መልሳችሁ ጥረጉ።

ጉልበት ያማል

ሳይክሉ ደህና ነው፤ ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ይበል።

ፔዳሉ ይላላል ወይም አልፈታ ይላል

የግራው ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ብሎን በሚፈታበት አቅጣጫ ይጠብቃል፣ በሚጠብቅበት ይፈታል። "አልፈታ አለኝ" ብሎ በቱቦ ያስረዘመ ቁልፍ ይዞ ሲታገል የነበረ ጎረምሳ እያጠበቀው ነበር፤ በመጨረሻ የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ላጠው። ከላላ ደግሞ ቶሎ አጥብቁት። ላልቶ ከተነዳ ክንዱ ላይ ያለው ጥርስ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ክንዱን ከነፔዳሉ መግዛት ነው።