ከሰርግ ካርድና ከብጣሽ ጨርቅ ትራስ መስራት

ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ብጣሽ ጨርቁን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አጭቆ በር ላይ ያስቀምጣል። ልውሰደው ወይ ብዬ ብጠይቀው «ውሰጂ፣ ገላገልሽኝ» አለኝ። የሶፋዬ ትራስ የወጣው ከዚያ ከረጢት ነው። እናቴ ገና ስጀምር አይታኝ «ድሪቶ ልትለብሺ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ድሪቶ ግን እንደነገሩ ይጣፋል። ይሄኛው በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠንከር ያለ ወረቀት በአንድ ቅርጽ ይቆረጣል። ጨርቅ ይለብሳል። ከዚያ የለበሱት ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ በእጅ ይሰፋሉ። በመጨረሻ ወረቀቱ ይወጣና ጨርቁ ብቻ ይቀራል። እንግሊዝ አገር የቆየ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. 1718 የሚል ዓመት የተሰፋበት የሐር የአልጋ ልብስ እስከ ዛሬ አለ፤ ወረቀቱም ከውስጡ አልወጣም። ያኔ ወረቀት እንደልብ ስላልነበር ብዙዎች የድሮ ደብዳቤና የሂሳብ ደብተር ይቆርጡ ነበር።

በማሽን የሚሰራ ሌላ ዓይነትም አለ። ንድፉ ወረቀት ላይ ይሳላል፣ መስመሩን ተከትሎ ይሰፋል፣ ከዚያ ወረቀቱ ተቀዶ ይጣላል። ለኮከብና ለሹል ንድፍ ግሩም ነው። ግን ጨርቁ በወረቀቱ ጀርባ ስለሚገባ ሁሉም ነገር ግልባጭ ይሆናል፤ ጀማሪን ጭንቅላት ያዞራል። በእጅ እንጀምር።

ምን ያስፈልጋል?

መርፌ፣ ክር፣ መቀስ፣ ስፒል፣ ካውያ፣ የተማሪ ኮምፓስና ማስመሪያ። ለወረቀቱ ከሰርግ መጥሪያ ካርድ የሚሻል አላገኘሁም። ውፍረቱ ልክ ነው፤ ደግሞ የማንም ቤት መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ፖፕሊን ወይም ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ሲታጠፍ እጥፋቱን ይይዛል። ፖሊስተር ግን ታጥፎ ተመልሶ ይነሳል፣ ያናድዳል። ሸማ ካማራችሁ ይቻላል፤ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ጠርዙ ይተረተራልና ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ወረቀቱን መቁረጥ

ለጀማሪ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይመቻል። ኮምፓሱን 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታችሁ ክብ ስሩ። መክፈቻውን ሳትነኩ ሹሉን ክቡ ላይ አድርጉና ምልክት አድርጉ። ወደ ምልክቱ ተሻገሩና ድገሙ። ስድስት ጊዜ ስትሄዱ የጀመራችሁበት ላይ ትደርሳላችሁ። ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኙ።

ይህን የመጀመሪያውን ጠንካራ ካርቶን ላይ ቁረጡና አስቀምጡት። ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ብቻ ይለካሉ። እኔ እያንዳንዷን ካርድ በቀደመችው እየለካሁ ቆረጥኩ። አሥራ ዘጠነኛዋ ከመጀመሪያዋ በሁለት ሚሊ ሜትር በልጣ ተገኘች። ከቁራጮቹ የሰፋሁት አበባም እንደ ሰፌድ ጎበጠ። በካውያ ብል በእርጥብ ጨርቅ ብል እምቢ አለ።

ጨርቁን ማልበስ

ካርዱን ጨርቁ ጀርባ ላይ በስፒል ያዙና ዙሪያውን 7 ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ። እዚህ ላይ መቀሳችሁ ቢንሻፈፍ ግድ የለም። ልኩን የሚጠብቀው ወረቀቱ ነው፤ እጁ ገና ያልተፍታታ ሰው እንኳ ቀጥ ያለ ሥራ የሚሰራው በዚህ ምክንያት ነው። ጨርቁ አበባ ካለው አበባውን መሃል ላይ አድርጉት፣ ያምራል።

አንዱን ጎን በካርዱ ላይ እጠፉ፣ ቀጥሎ ያለውን እጠፉ። ጥጉ ላይ ሁለቱ እጥፋት ይደራረባሉ። እዚያ ድርብ ላይ አንድ ስፌት አድርጉና ወደሚቀጥለው ጥግ እለፉ። መርፌው ጨርቁን ብቻ ይውጋ፣ ካርዱን አይንካ። ስድስት ጥግ፣ ስድስት ስፌት። ይህ ስፌት ከጀርባ ስለሆነ አይፈታም።

መገጣጠም

ሁለት የለበሱ ቁራጮችን ፊት ለፊት ግጠሙ፣ ጥግና ጥጉ ይተካከል። ክሩ ከአንድ ክንድ አይርዘም፤ ከረዘመ ይቋጠራል። ቀለሙ አመድማ ቢሆን ከብዙ ጨርቅ ጋር ይሄዳል። ጥጉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርባችሁ ጀምሩና ጠርዙን ዘምዝሙ።

ይህቺን ቀስ ብላችሁ እዩ። መርፌው ከእጥፋቱ ጫፍ ሁለት ሦስት የጨርቅ ክር ብቻ ነው የሚነክሰው። ካርዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እጃችሁ ይሰማዋል፣ ጠጠር ይላል፤ ያኔ ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። በአንድ ሴንቲ ሜትር አምስት ስፌት ያህል ይበቃል። ሲዘረጋ ክሩ ከፊት ጎልቶ ከታየ ወይ ብዙ ነክሳችኋል ወይ አጥብቃችኋል።

አንዱን መሃል አድርጋችሁ ስድስት ብትሰፉበት አበባ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉትን ቅጠሎች ስታያይዙ መሃለኛው አልገጥም ካለ ከነካርዱ ለሁለት እጠፉት፣ ምንም አይሆንም። ሁለተኛው ዙር 12 ይፈልጋል።

ካርዱ የሚወጣው ስድስቱም ጎኑ ሲሰፋ ነው። አስቀድማችሁ ተኩሱት። ከዚያ በመርፌ ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። ካልተቀደደ ለሌላ ይሆናል።

ስንት ይበቃል?

40 በ40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ ጠርዝ ላይ የሚቆረጠውን ጨምሮ ወደ 120 ቁራጭ አዘጋጁ። ለአንድ ሰው አልጋ፣ 150 በ200፣ ወደ 1,850 ይደርሳል። በየማታው አራት አራት ብትሰፉ ከዓመት በላይ ነው። ስለዚህ በትራስ ጀምሩ። እኔ ቡና እስኪፈላ ሁለት፣ ዜና እያየሁ ሁለት እሰፋለሁ። ጨዋታ የማያቋርጥ ሥራ ነው፤ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ዙሪያው ሲያልቅ ጫፍ ላይ ያሉትን ካርዶች አውጡ፣ ተኩሱ፣ ጥርስ ጥርሱን ቁረጡ። ከስሩ አቡጀዴ አድርጋችሁ እንደማንኛውም ትራስ ልብስ ስፉት። ኩዊልት፣ ማለትም ውስጡ ንጣፍ ያለው የአልጋ ልብስ ከፈለጋችሁ በላዩና በገበሩ መካከል ስስ የጥጥ ንጣፍ አስገቡና ሦስቱን ድርብ አብራችሁ ስፉ።

ካርዶቼን ሳወጣ አንዷ ላይ «የምሳ ግብዣ ላይ እንዲ» የሚል ተቆርጦ ቀርቷል። ሙሽሮቹ አሁን ሁለት ልጅ ወልደዋል፤ ካርዳቸው ሦስተኛ ትራስ ላይ ነው።