ድረ ገጽ በከፈቱ ቁጥር የሚደቀነውን የኩኪ ጥያቄ እንዴት መገላገል ይቻላል?

ገጹ ሲከፈት ግማሽ ስክሪን የሚሸፍን ሣጥን ይመጣል፤ «አክሴፕት ኦል» በደማቅ ቀለም፣ ከጎኑ «ማኔጅ ኦፕሽንስ» ደብዘዝ ብሎ። አብዛኛው ሰው ለመገላገል ብሎ ደማቁን ይነካል፤ ሣጥኑም የተሠራው ለዚሁ ነው።

ጥያቄው እየተመላለሰ የሚያስቸግረው የሰጡት መልስ ራሱ በኩኪ፣ ማለትም ገጹ እርስዎን ለማስታወስ ብሮውዘርዎ ላይ በሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል፣ ስለሚቀመጥ ነው። በኢንኮግኒቶ (ሲዘጉት ኩኪና ታሪክ በማያስቀረው የብሮውዘር መስኮት) የሚጠቀሙ ወይም ብሮውዘርዎን ቶሎ ቶሎ የሚያጸዱ ከሆነ መልሱ አብሮ ይጠፋል፣ ገጹም እንደ አዲስ ይጠይቃል። በስልክ «አይሆንም» ያሉትም ኮምፒውተር ላይ አይታወቅም።

በእጅ ሲመልሱ «ሪጀክት ኦል» ካለ እሱን ነክተው ይለፉ። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያስታወቀው እምቢ ማለትን ከመቀበል ይልቅ አስቸጋሪ አድርገዋል ብሎ ነበር። «ሪጀክት ኦል» ከሌለ «ማኔጅ ኦፕሽንስ» ውስጥ ይግቡ። ሁሉም ጠፍቶ ቢያገኙት አይዘናጉ፤ ብዙ ጊዜ «ሌጂቲሜት ኢንተረስት» የሚል፣ ድርጅቶቹ ፈቃድዎን ሳይጠይቁ መረጃዎን ለመጠቀም ምክንያት አለን የሚሉበት ሌላ ክፍል አለ፣ እዚያ ያሉት ደግሞ በርተው ነው የሚጠብቁት። «ኦብጀክት ኦል» ካለ ይንኩት፤ ከሌለ አንድ በአንድ ያጥፉ። ሲወጡ «ሴቭ» ወይም «ኮንፈርም ቾይስስ» የሚለውን ነው የሚጫኑት። እዚያው አጠገቡ ደማቁ «አክሴፕት ኦል» እንደገና ተቀምጦ ይሆናል፤ እሱን ከነኩ የለፉበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን በየገጹ ማድረግ አድካሚ ስለሆነ አንዴ አስተካክሎ መተው ይሻላል። የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስለማይቀበል ፋየርፎክስ ያውርዱ። ከሦስቱ ነጥቦች «ኤክስቴንሽንስ» ውስጥ ገብተው ማስታወቂያና መሰል ነገሮችን የሚያግደውን ዩብሎክ ኦሪጅንን ይጨምሩ፤ ከዚያ የማርሽ ምልክቱን ነክተው «ፊልተር ሊስትስ»ን ይክፈቱ፣ «ኩኪ ኖቲስስ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉና «አፕላይ ቼንጅስ» ይበሉ። ዩብሎክን ጭነው «ሣጥኑ አልጠፋም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ዝርዝር ያላበሩ ናቸው፤ ሲጫን ጠፍታ ነው የምትመጣው። በኮምፒውተር ፋየርፎክስም አሠራሩ ያው ነው። አዲሱ የኮምፒውተር ክሮም ግን ሙሉውን ዩብሎክ ስለማይቀበል «ላይት» የሚባለውን ይጫኑ፤ እዚያም የኩኪ ዝርዝሩን ያብሩ፣ ሞዱ (የማጣሪያው ደረጃ) «ቤዚክ» ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ «ኦፕቲማል» ያሳድጉት፤ «ቤዚክ» ገጹ ላይ የተቀመጠን ሣጥን መደበቅ አይችልም። አይፎን ላይ ኮንሰንት-ኦ-ማቲክን ከአፕ ስቶር አውርደው በሳፋሪ ኤክስቴንሽኖች ውስጥ ያብሩት።

ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ዩብሎክ ሣጥኑን ይደብቃል፤ ኮንሰንት-ኦ-ማቲክ እርስዎን ተክቶ ይመልሳል። በአውሮፓ ሕግ ዝምታ ፈቃድ ስላልሆነ መደበቁ ብቻ በአብዛኛው ይበቃል። አሜሪካ ለሚኖሩ ግን አይበቃም፤ እዚያ በአብዛኛው «ተዉኝ» እስኪሏቸው ድረስ መከታተላቸውን አይተዉም። ስለዚህ ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ በፕራይቬሲ ክፍል፣ መረጃዬን እንዳትሸጡ ወይም እንዳታጋሩ የሚለውን ምርጫ ያብሩ፤ የካሊፎርኒያ ሕግ የሚመለከታቸው ድርጅቶች ይህን ምልክት የማክበር ግዴታ አለባቸው።

እስካሁን ሲቀበሉ የኖሩባቸው ገጾች ኩኪ ግን እዚያው ነው። በክሮም ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ነክተው ከ«ኩኪስ ኤንድ ሳይት ዴታ» ይሰርዙት፤ ገጹ ላይ አካውንት ካለዎት ስለሚያስወጣዎ ፓስወርድዎን አስቀድመው ይያዙ።

አንዳንዴ ሣጥኑ ይጠፋና ገጹ ወደ ታች አልንሸራተት ይላል። ሣጥኑ ተደበቀ እንጂ መልስ እስኪያገኝ ብሎ ገጹን የቆለፈው ኮድ አልተነካም። ጽሑፍ ብቻ ከፈለጉ ብሮውዘሩ ጽሑፉን ለይቶ የሚያሳይበት «ሪደር ሞድ» ይበቃል። ቪዲዮ ካልመጣ ወይም ክፍያ ካልሄደ በዩብሎክ ላይ ያለውን የኃይል ቁልፍ ለዚያ ገጽ ብቻ ያጥፉ፣ ገጹን እንደገና ይጫኑና በእጅ እምቢ ይበሉ።

«ወይ ተቀበል ወይ ክፈል» የሚሉም አሉ፤ የጀርመን ጋዜጦች ላይ የተለመደ ነው። የግድ ማንበብ ካለብዎ በኢንኮግኒቶ ከፍተው ይቀበሉ፤ ሲጨርሱ የኢንኮግኒቶ ታቦችን በሙሉ ይዝጉ። አንዱ ክፍት ከቀረ ኩኪው አይሰረዝም።