ውጭ አገር የትምህርት ጉዞ ላይ ትንሿን ገጠመኝ መከራ የሚያደርጉ ስህተቶች

ተማሪዎችን በቡድን ይዤ ውጭ አገር እመላለሳለሁ። ከጉዞ በፊት ስንሰበሰብ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ብንጠፋስ?» ትጠፋላችሁ። ባቡር ያመልጣችኋል፣ በር ይዘጋባችኋል፣ ያላሰባችሁት ሰፈር ትወርዳላችሁ። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም። ተማሪዎቼ ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ሌክቸሩ ሳይሆን ስለሱ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ በሚሠራው ስህተት ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የጠፋን ሰው ለመፈለግ መበታተን ነው። አንድ ልጅ ሜትሮው (የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር) ውስጥ ሳይገባ በሩ ይዘጋል። ባቡሩ ይሄዳል። ውስጥ ያሉት ይደነግጡና ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርደው ወደ ኋላ የሚመልሰውን ይሳፈራሉ። የቀረው ልጅ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ቀጣዩን ባቡር ይዞ ሊደርስባቸው ወደ ፊት ይገሰግሳል። መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ተመልሰው ሲያጡት ሁለቱ በዚህ መውጫ፣ ሁለቱ በዚያኛው ይወጣሉ፤ እነሱ ሲዘገዩ ደግሞ እነሱን የሚፈልግ ሌላ ሰው ይላካል። አንድ ሰው ጠፍቶ የነበረው ቡድን አሁን በሙሉ ጠፍቷል። በአስር ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ግማሽ ቀን ይበላል፣ ማታ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይቆጣል፣ በማግስቱ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ይህን በየጉዞው ማየት ሰልችቶኛል! መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

እባካችሁ ገና ሳትነሱ አንድ ሕግ ተስማሙ። የሄዱት ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርደው እዚያው መድረኩ ላይ ይቆማሉ። የቀረው በዚያው መስመር፣ በዚያው አቅጣጫ የሚመጣውን ባቡር ይዞ አንድ ጣቢያ ይሄዳል። አለቀ። ማንም ወደ ኋላ አይመለስም። አንድ መድረክ ላይ የተለያዩ መስመሮች ሊያልፉ ስለሚችሉ ቁጥሩን ወይም ቀለሙን አይቶ ይሳፈር እንጂ የመጣው ላይ ዘሎ አይግባ። መንገድ ላይ ወይም ሙዚየም ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጠፋው ባለበት ይቆማል፣ አንድ ሰው ብቻ የመጣንበትን መንገድ ይዞ ይመለሳል፣ ሌላው ካለበት ንቅንቅ አይልም። «እንደዋወላለን» አትበሉኝ። ምድር ውስጥ ኔትወርክ የማይኖርበት ቦታ ብዙ ነው። ሕጉ ያለ ስልክ የሚሠራ መሆን አለበት።

«ሁላችንም አለን?» ብሎ መጠየቅም ይቅር። የሌለ ሰው አይመልስም። ጥንድ ጥንድ ሁኑና እያንዳንዱ ስለ ጥንዱ ይመልስ።

አድራሻን ስልክ ላይ ብቻ መያዝ ሌላው ነው። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስትነሱ የዋለ ስልክ ማታ ላይ ይዘጋል፣ ያኔ ደግሞ የሆቴሉን ስም የሚያስታውስ አይገኝም። ስሙን ማስታወስም አይበቃም። አንዳንድ ሆቴል በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ከተማም ስም ይጋራል። ጀርመን ውስጥ ሁለት ፍራንክፈርት አለ፣ አንዱ ማይን ወንዝ ላይ፣ ሌላው በአገሪቱ ማዶ ፖላንድ ድንበር ላይ ኦደር ወንዝ አጠገብ። ስለዚህ የመንገዱን ስምና ቁጥር ጨምራችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ካርታውንም ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ያላችሁበትን ቦታ ያሳያችኋል፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ ብዛቱ ይገርመኛል።

አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደተለያየ ከተማ ይሄዳል። ወንበር ከመያዛችሁ በፊት የፉርጎውን መድረሻ አንብቡ።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማርች እና ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ሌሊት ላይ ሰዓት ይቀየራል፤ ማርች ላይ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ ኦክቶበር ላይ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ጉዟችሁ እዚያ ላይ ከወደቀ ቅዳሜ ማታ ለሁሉም ተናገሩ።

አሁን ወደ ከባዱ። «አንድ ቀን ነፃ ናችሁ» ሲባሉ ድንበር ለመሻገር የሚነሱ ልጆች አሉ። ከስፔን ደቡብ ጫፍ፣ ከታሪፋ፣ ሞሮኮ ታንጀር በመርከብ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ሄደው ማታ ሊመለሱ ያሰቡ ተማሪዎችን ትኬት ሊቆርጡ ሲሉ ደርሼባቸዋለሁ። ቪዛቸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ (ስፔንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት) ነበር። ሞሮኮ ሼንገን ውስጥ አይደለችም። አንዴ ከወጡ ቀናቸው ባያልቅም በዚያ ቪዛ ተመልሰው አይገቡም፤ ቡድኑ፣ ሻንጣቸው፣ የመመለሻ ትኬታቸው ስፔን ቀርቶ እነሱ ማዶ ይቀሩ ነበር። ቪዛችሁ ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚፈቅድ ተጽፏል። አንብቡት። አንብባችሁ ካልገባችሁ ጠይቁ፤ ይህን በመጠየቅ ማንም ሞኝ አይባልም።

ለአስተባባሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። ከፕሮግራሙ ላይ ነፃ ሰዓት አትሰርዙ። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው፣ ሰኞ የሚዘጉ ሙዚየሞችም ሞልተዋል፤ ፕሮግራም ስታወጡ ይህን ማየት ግዴታችሁ ነው። ግን አንዳንዴ በር ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ያኔ በድንጋጤ ሌላ ሙዚየም ፍለጋ ልጆቹን አትንዱ። አንዴ እንዲህ ሆኖ መናፈሻ ውስጥ ተቀመጥን። ቼዝ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዷ ተማሪዬ፣ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማትል ልጅ፣ ተጠግታ በምልክት ተጫዋቹን ጠየቀች፣ ተቀመጠች፣ ተሸነፈች፣ ደግማ ተጫወተች። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ የምትጠይቅልን እሷ ሆነች። ይህን የትኛውም ፕሮግራም ላይ ማስገባት አይቻልም፣ ቦታ መተው ግን ይቻላል። አንዲት አደጋ በደረሰች ቁጥር ነፃ ሰዓት የሚሰርዝ አስተባባሪ ልጆቹን ተደብቀው እንዲወጡ ያስተምራቸዋል፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

የመጨረሻው፣ የጠፋውን ልጅ መሳቂያ ማድረግ። አውቶቡስ ያመለጠውን ልጅ ፎቶ ቡድኑ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ሲስቅበት ሰነበተ። ለጨዋታ ነበር፣ ክፋት አልነበረውም። ከነሱ መሃል ግን ፓስፖርቱን የጣለ ሌላ ልጅ ነበር፤ እንዳይሳቅበት ብሎ ዝም አለ። የነገረኝ በመመለሻችን ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ ነው። በዕለቱ ቢናገር ኖሮ ፖሊስ ጋ ሄደን ወረቀት እናወጣ፣ ከዚያ ኤምባሲ መሄጃ የሥራ ቀናት ይኖሩን ነበር። ሌሎቹ ተሳፈሩ፣ እኔና እሱ ኤምባሲው እስኪከፈት ቀረን። አይኑ ላይ ያየሁት ፍርሃት አሁንም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አሁን ከመነሳታችን በፊት ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፦ የጠፋ ወይም የተሳሳተ ሰው መጀመሪያ ለኔ ይደውላል፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ቁጣ የለም። የሰው ስህተት ግሩፑ ላይ አይለጠፍም። የፓስፖርቱ ኮፒም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም።