ስለ እንቅርት ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

“አያምም፣ ምን ያደርጋል?” ይባልና እንቅርቱ በነጠላ ይሸፈናል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እንቅርት አንገት ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ እጢ እብጠት ነው። ይህ እጢ የልብ ምትን፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን ሥራና የወር አበባን የሚቆጣጠር ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ሲያንስ ይበርዳል፣ ይደክማል፣ ሆድ ይደርቃል። ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉም መክሳት ይመጣል።

እብጠቱን ብቻ አይቶ መፍረድም አያዋጣም። እንቅርት ያለበት ሰው ሆርሞኑ ያነሰ፣ የበዛ ወይም ልከኛ ሊሆን ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ውጤቱን ገልብጦ ያነበዋል። “ቲኤስኤች ከፍ ብሏል” ሲባል ታይሮይዱ ከመጠን በላይ የሠራ ይመስለዋል። ቲኤስኤች ግን ታይሮይዱን የሚያዝ ሌላ ሆርሞን ነው፤ የሚልከውም አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ ነው። በደም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ፣ ታይሮይዱ እንዲሠራ ለመጎትጎት ቲኤስኤችን ያበዛል። ሲበቃ ይቀንሳል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ታይሮይዱ ደክሟል ማለት ነው። አዮዲን ሲጎድልም እጢው ሆርሞኑን መሥሪያ ያጣል፤ ጉትጎታው ስለማያቆም እያበጠ ይሄዳል።

አዮዲን ያለው ጨው ገዝቶ ክፍት ዕቃ ውስጥ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን አዮዲኑን ያጠፉታል። ጨውን ማጠብም እንዲሁ። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር። አዮዲን ለማግኘት ብሎ ጨው ማብዛት ግን አያስፈልግም። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም አዮዲን ነው። ነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋታል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነውና።

ለታይሮይድ ማነስ የሚሰጠውን ክኒን በቡና ማወራረድ ሌላው ነው። ጠዋት ቡና ሳይጠጡ መዋል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ቡናው መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሰርግ ያደርጋል። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጥ፤ ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። የደም ማነስ ክኒን (አይረን) ወይም ካልሲየም የሚወስዱ 4 ሰዓት ያራርቁት።

“ተሽሎኛል” ብሎ ማቆምስ? መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ባቆሙ ማግስት ምንም አይሰማም፤ የሚያዘናጋውም ይሄው ነው። መጠኑ ሲቀየርም ምርመራው የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው።

እንቅርትን ማስተኮስና ማስበጣትማ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። እዚያ አካባቢ ትልልቅ የደም ሥሮችና የድምፅ ነርቭ አሉ። በተለይ እብጠቱ በአጭር ጊዜ ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም ምግብ አልወርድ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።