ለኢቨንት ሥራ የኦንላይን ዲግሪ ያዋጣል? ድሬዳዋ ላይ ሆናችሁ እንዴት እንደምትወስኑ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰርግ፣ ምርቃትና ስብሰባ ማዘጋጀት የሚፈልጉ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ኢቨንት ማኔጅመንት በኦንላይን ተምሬ ዲግሪ ብይዝ ያዋጣኛል?» እንደምትፈልጉት ሥራ ይለያያል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

1. የሚከፍላችሁ ማን እንደሆነ ለዩ

ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ልጇን የምትድር እናት ዲግሪ አትጠይቃችሁም። የምትጠይቀው «የማንን ሰርግ ሠርታችኋል?» ብላ ነው። ቪዲዮውን በስልካችሁ ታሳዩአታላችሁ፣ ጎረቤቶቿን ታጣራለች፣ ቀብድ ትሰጣችኋለች። ወርክሾፕ የሚያዘጋጅ ድርጅት ደግሞ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ነምበርና ፕሮፎርማ ይላል።

ሆቴል ወይም ድርጅት ውስጥ ተቀጥራችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ ግን ነገሩ ይቀየራል። የሥራ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያ ዲግሪ» ይላል፤ ወረቀቱ ከሌላችሁ ማመልከቻችሁ ገና ሳይነበብ ይቀራል። ውጭ አገርም ቢሆን ዲግሪ የሚያግዝበት ቦታ አለ። ለምሳሌ የስብሰባ አዘጋጆች የሚፈተኑት ሲኤምፒ የሚባል ዓለም አቀፍ የብቃት ማረጋገጫ 36 ወር የሙሉ ጊዜ ሥራ ይጠይቃል። በዘርፉ ዲግሪ ላለው ሰው 24 ወር ይበቃዋል። ዲግሪው አንድ ዓመት ይቀንስላችኋል፤ ልምዱን ግን አይተካም።

2. ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ዝግጅት ላይ ሥሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ዲኮር የሚሠራ ወይም ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ሰው ፈልጋችሁ «ልርዳህ» በሉት። ጥር ላይ ሰርግ ስለሚበዛ እጅ ይፈልጋል።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ሰርግ ግንቦት ላይ ነበር። ኬኩን 8 ሰዓት ላይ ድንኳን ውስጥ አስቀመጥነው። ሙሽሮቹ የገቡት 10 ሰዓት ተኩል ነው። ክሬሙ ባንድ ጎኑ ወርዶ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተጠራቅሟል። የሙሽራዋ ታናሽ እህት አጠገቡ ቆማ በካርቶን ክዳን ታራግብለታለች። የዚያች ልጅ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ሙሽሮቹ መንገድ መጀመራቸው ሳይነገረኝ ኬክ ከፍሪጅ አላስወጣም።

የአገሩን ሰዓትም የምታውቁት እየሠራችሁ ነው። ከምሳ በኋላ ብዙ ሰው በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት እየቃመ ስለሆነ ለ8 ሰዓት የጠራችሁት እንግዳ 11 ሰዓት ሊመጣ ይችላል። አዛን ሲሰማ ድምፁን እንዲቀንስ ለዲጄው አስቀድማችሁ ትነግሩታላችሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስለሚነግሥ በዚያ ሰሞን ለእንግዶች አልጋ በጊዜ ካልያዛችሁ ትቸገራላችሁ። ይህን ሌላ አገር የተዘጋጀ ኮርስ ውስጥ አታገኙትም።

3. ትምህርቱን መርምሩ

አገር ውስጥ ከሆነ ተቋሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እናንተ የምትማሩት ፕሮግራም፣ በኦንላይን እንዲሰጥ መፈቀዱን ጠይቁ። የውጭ ከሆነ ዲግሪው እዚህ የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት እወቁ። ተመርቆ ወረቀቱ ሳይታወቅለት የሚቀር ሰው ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ የኮርሶቹን ዝርዝር እዩ። በጀት፣ ውል አጻጻፍ፣ የአደጋ ጥንቃቄና ገበያ ማፈላለግ ከሌሉበት ይቅርባችሁ። አበባ መደርደር በተግባር ትለምዱታላችሁ። ክፍያው በዶላር ከሆነ ምንዛሬው ቢጨምር መጨረስ ትችሉ እንደሆነ አስሉ፤ የኢንተርኔቱንም ጨምሩ።

4. በአጭር ኮርስ ሞክሩት

አራት ዓመት ከመግባታችሁ በፊት አንድ አጭር የኦንላይን ኮርስ ውሰዱ። እኔን የጠቀመኝ የበጀት ኮርስ ነው። በፊት ዋጋ ሳወጣ ድንኳን፣ ወንበር፣ አበባና ሳውንድ ሲስተም ደምሬ ትንሽ ጣል አደርግበታለሁ። የባጃጅ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የጄኔሬተር ነዳጅና አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ምሳ አልጽፍም። የራሴ ድካምማ ጭራሽ የለም። ኮርሱ ሁሉንም መስመር በመስመር አስጻፈኝ። ያን ጊዜ ነው ሁለት ሰርግ ከኪሴ ጨምሬ እንደሠራሁ የገባኝ።

እናንተም የሠራችሁትን የመጨረሻ ዝግጅት ወጪ እንደዚያ ጻፉት። ሠንጠረዡን ያለማንም እርዳታ ከሞላችሁት፣ ለዲግሪው ያሰባችሁትን ብር ለጊዜው ወንበርና መብራት ግዙበት። መሐል ላይ ከተደናገራችሁ ወይም ተቀጥሮ መሥራት ከፈለጋችሁ ተመዝገቡ፤ ግን ቅዳሜና እሑድ ሥራውን አትተዉ።